አልፍሬድ ሂችኮክና የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። አነጋገሩ ለሸንጎና ለሽምግልና የተነገረ ቢሆንም ለሲኒማም የሚሠራ ሆኖ እናገኘዋለን። ፊልም ተመልካቹን የሚይዘው ወይም የሚያጣው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ይህም ልብ አንጠልጣይ በሚባለው የፊልም ዓይነት ከሌላው ሁሉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ገብቶ፣ በጨለማ ውስጥ ወንበር ሲዳብስና የሰው እግር ሲረግጥ ቆይቶ፣ መጨረሻውን ካየሁ ይበቃኛል የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ጣሪያውን አይቶ መሠረቱን ሳያይ የወጣ ነው።

የዚህን ነገር ምሥጢር ከሁሉ አብልጦ ያወቀው እንግሊዛዊው የፊልም አዘጋጅ አልፍሬድ ሂችኮክ ነው ብንል የሚከራከረን ብዙ አይኖርም። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለጓደኞቻችን ለማቅረብ ተነሣን። አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነፍሰ ገዳይና በፖሊስ ፊልም ጊዜውን ማጥፋት አይገባውም ይሉ ይሆናል። እኛ ግን በጨለማ የተቀመጠውን ብዙ ሕዝብ ባንድ ጊዜ ትንፋሹን የሚያስይዝ ጥበብ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ታላቅ ቁም ነገር ነው እንላለን፤ ምክንያታችንንም ከታሪኩ ጋር እያያዝን እናሳያለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

አልፍሬድ ጆሴፍ ሂችኮክ ኦገስት 13 ቀን 1899 በለንደን ዳር በምትገኘው በሌይተንስቶን ተወለደ። አባቱ ዊልያም አትክልትና ዶሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ነበረ፤ እናቱ ኤማ ትባል ነበር። ከሦስት ልጆች የመጨረሻው እሱ ነው። ቤተ ሰቡ በፕሮቴስታንት አገር የሚኖር የካቶሊክ ቤተ ሰብ ስለ ነበረ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከጎረቤት ልጆች በጥቂቱ ለየት ብሎ አደገ። ወፍራምና ዝምተኛ ልጅ ነበረ፤ ከመጫወት ይልቅ ዳር ተቀምጦ ማየት ይወድ ነበር።

ስለ ልጅነቱ አንድ ታሪክ እስከ ሽምግልናው ድረስ ደጋግሞ ይናገር ነበር። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ደብዳቤ አስይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ላከው። የጣቢያው አለቃ ደብዳቤውን አንብቦ ልጁን ወደ እስር ክፍል አስገባና በሩን ዘጋበት፤ ከጥቂት ደቂቃዎችም በኋላ ባለጌ ልጅ እንዲህ ይደረጋል ብሎ ለቀቀው። ታሪኩ እንደ ተነገረው ይሁን ወይም በየጊዜው እየተዋበ የመጣ፣ አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው፤ ሂችኮክ እስኪሞት ድረስ ፖሊስን ይፈራ ነበር። ያለ ጥፋቱ የተከሰሰ ሰው የብዙ ፊልሞቹ ዋና ሰው መሆኑም ከዚህ ፍርሃት ጋር የተያያዘ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

ትምህርቱን የተከታተለው ኢየሱሳውያን መነኮሳት በሚያስተምሩበት በቅዱስ ኢግናጥዮስ ኮሌጅ ነበር። በ1914 መጨረሻ ገደማ አባቱ ሲሞት ልጁ ገና የ15 ዓመት ጎረምሳ ነበረ። እንጀራ መፈለግ ግድ ስለ ሆነበት ሄንሊ በሚባለው የቴሌግራፍና የኤሌክትሪክ ገመድ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ማታ ማታም የሥዕል ትምህርት ይማር ጀመር። የሥዕል ችሎታው በታወቀ ጊዜ ወደ ማስታወቂያ ክፍል ተዛወረ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው መንገደኛውን የሚይዝበት ጊዜ ዐይን እስኪጨፈን ያህል ነው፤ በዚያች ቅጽበት ካልያዘው መንገደኛው አልፎ ይሄዳል። ሂችኮክ የኋላ ሥራውን ፊደል የቈጠረው በዚህ ክፍል ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በ1920 ገደማ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በለንደን በኢዝሊንግተን ሰፈር የፊልም ስቱዲዮ ከፈተ። ያን ጊዜ ፊልም ድምፅ ስላልነበረው የሰዎቹ ንግግር በጽሑፍ እየሆነ በሥዕሎቹ መካከል ይገባ ነበር። ሂችኮክ እነዚህን ጽሑፎች እየነደፈና እያስጌጠ ሥራ ጀመረ። ቀጥሎም የድርሰት ረዳት፣ የመድረክ ነዳፊ፣ የአዘጋጅ ረዳት እየሆነ እያንዳንዱን ሙያ በእጁ ተማረ። በዚሁ ስቱዲዮ ፊልም በመቁረጥና በመቀጠል ሥራ የታወቀች አልማ ሬቪል የምትባል ወጣት አገኘ። አልማ ከእሱ በአንድ ቀን ብቻ ታንስ ነበር። በ1926 ተጋቡ፤ በ1928 ፓትሪሺያ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። አልማ ከሃምሳ ዓመት በላይ የትዳር ጓደኛው ብቻ ሳትሆን የመጀመሪያዋ ተቺውም ነበረች። እሷ ያላየችውና ያልመረመረችው ፊልም አልነበረውም ለማለት ይቻላል።

በ1924 ኩባንያው ወደ ጀርመን አገር ላከው። በበርሊን አጠገብ በባብልስበርግ ስቱዲዮ ሲሠራ ታላቁ አዘጋጅ ሙርናው በዚያው ግቢ ፊልም ሲያነሣ ለማየት ዕድል አገኘ። ጀርመኖቹ ያን ጊዜ ጥላን፣ ጭጋግን፣ የተጣመመ ደረጃንና የመስተዋት ነጸብራቅን እንደ ቃል ይጠቀሙባቸው ነበር። ሂችኮክ ከዚያ ያገኘው ትምህርት ታሪክን ያለ ንግግር በሥዕል ብቻ መናገር እንደሚቻል ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። በአገራችን ተረት አዋቂው ተረት ተረት ሲል ልጆቹ የላም በረት ብለው ይመልሳሉ። ይህች ልውውጥ ስለ ታሪኩ ምንም አልነገረችም፤ ነገር ግን ሁሉን ነግራለች። ልጆቹ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ወሬ ሳይሆን ተረት መሆኑን፣ አውሬ ሊናገር እንደሚችል፣ ጅብ እንደሚሞኝ ዐውቀው ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ። ልብ አንጠልጣይ ፊልምም የራሱ ተረት ተረት አለው። ሌሊት፣ ጭጋግ፣ እርጥብ መንገድ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው፣ የሚሮጥ እግር፣ ጩኸት፣ ሬሳ፣ የፖሊስ መኪና፣ የጋዜጣ ርእስ፤ እነዚህን ያየ ተመልካች ሳይነገረው የላም በረት ይላል። ብዙ አዘጋጆች ይህን ልማድ እንዳለ ይደግሙታል። ሂችኮክ ግን ልማዱን ተመልካቹ የሚያውቀው ስለ ሆነ ብቻ ነበር የሚወደው፤ ምክንያቱም ሰው የሚያውቀውን መንገድ ሲሄድ እግሩን አያይም።

ይህ በግልጽ የታየው በ1927 ለሕዝብ በቀረበው «ተከራዩ» በሚባለው ፊልሙ ነው። ፊልሙ የሚከፈተው በአንዲት ወርቃማ ጠጕር ባላት ሴት ፊት ነው። ፊቷ ሸራውን ሞልቶ ትጮኻለች፤ ዘመኑ የጸጥታው ፊልም ዘመን ስለ ሆነ ግን ጩኸቷን በዐይናችን እናያለን እንጂ በጆሯችን አንሰማም። ወርቃማ ጠጕር የሚል የቲያትር ማስታወቂያ መብራት በጨለማ ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚያ ሬሳ፣ የተሰበሰበ ሕዝብ፣ የሚጽፍ ፖሊስ፣ ፊቱን በአንገት ልብስ የሸፈነ ሰው አየሁ የምትል ምስክር ይታያሉ። ወዲያውም ወሬው ከጋዜጠኛው ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤት ወደ ጋዜጣ መኪና፣ ከዚያም በሬዲዮ ወደ መላው ከተማ ሲሮጥ እናያለን። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የፈራችው አንዲት ሴት ሳትሆን ለንደን በሙሉ ናት።

ቀጥሎ አንድ ቤት ይንኳኳል። በሩ ሲከፈት ከጭጋጉ ውስጥ ረጅም መልከ መልካም ወጣት ቆሞ ይታያል፤ አፉና አፍንጫው በአንገት ልብስ ተሸፍኗል። የሚከራይ ክፍል ይፈልጋል። ተመልካቹ ማስረጃ ሳይቀርብለት፣ ምስክር ሳይሰማ፣ ፍርዱን በዚያች ቅጽበት ሰጥቶ ይጨርሳል። በፊልሙ መጨረሻ ግን ያ ሰው ንጹሕ መሆኑ ይገለጣል፤ ይህም የሚሆነው የከተማው ሕዝብ አሳድዶ ሊገድለው ጥቂት ሲቀረው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያ አሳዳጅ ሕዝብ ከእኛ ከተቀመጥነው የተለየ ምን አደረገ? እሱም እኛም በጭጋግና በአንገት ልብስ ነበር የፈረድነው።

ይህ ፊልም ለትንሽ መና ቀርቶ ነበር። የማከፋፈል ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች ለሕዝብ አይሆንም ብለው በመደርደሪያ አስቀምጠውት ነበርና። በኋላ አይቨር ሞንታጉ የተባለ ወጣት ምሁር ተጠርቶ ጽሑፎቹን አሳጠረ፤ አንዳንድ ቦታዎችም እንደገና ተነሡ። ፊልሙ በታየ ጊዜ የተቺዎችን ታላቅ ምስጋና አገኘ፤ የ27 ዓመቱ ወጣት አዘጋጅም ስሙ በአገሩ ታወቀ።

በ1929 ድምፅ ወደ እንግሊዝ ፊልም በገባ ጊዜ ሂችኮክ «ብላክሜይል» የሚባለውን ፊልም ሠራ። የሌላው አዘጋጅ ሁሉ ጉጉት አዲሱን ድምፅ ማሰማት ነበር፤ እሱ ግን የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ያለ ንግግር አሳለፋቸው። የፖሊስ መኪና ጎማ ይሽከረከራል፤ መርማሪዎች አንድ ቤት ይገባሉ፤ አልጋው ላይ ጋዜጣ የያዘ ሰው በመስተዋት ያያቸዋል፤ ይያዛል፣ ይጠየቃል፣ የጣቱ አሻራ ይነሣል፣ በሩ ይዘጋበታል። መርማሪዎቹም እጃቸውን ታጥበው እያወሩ ይወጣሉ። ይህ ሁሉ የተለመደ የፖሊስ ፊልም መክፈቻ ይመስላል፤ ያ የተያዘ ሰውም ተመልሶ አይመጣም። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአንዱ መርማሪ እጮኛ ሊደፍራት የሞከረውን ሰው በቢላዋ ትገድላለች። ያን ጊዜ ነው የመክፈቻው ትርጕም የሚገባን። የሕግ መኪና እንዴት ሰውን ይዞ እንደሚፈጭ አስቀድመን አይተናል፤ አሁን መኪናው ወደዚች ልጅ ሲዞር ማንም ሳይነግረን እንፈራላታለን። በእስር ክፍል የተዘጋበት ሕፃን እዚህ ላይ የታየ ይመስለናል።

በ1935 የወጣው «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች» ደግሞ በሳቅ ይጀምራል። የሙዚቃ አዳራሽ መብራት፣ ቲኬት የሚገዛ ሰው ጀርባ፣ የሚራመድ እግር ይታያል፤ ፊቱን ቶሎ አናይም። በመድረኩ ላይ ሁሉን ነገር በቃሉ የያዘ ሰው ከሕዝቡ ለሚመጣለት ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ሕዝቡም ይሥቃል፣ ይጯጯኻል። ድንገት ጥይት ይተኰሳል፤ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ይጋፋል፤ በግፊያውም መካከል አንዲት የማትታወቅ ሴት ከዋናው ሰው ጋር ወደ ቤቱ ለመሄድ ትለምናለች። በዚያው ሌሊት ሴቲቱ ተወግታ ትሞታለች፤ እሱም ወንጀለኛ ተብሎ ይሸሻል። የፊልሙ ምሥጢር የተደበቀው ግን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሳቅንበት በዚያ ባለብዙ ዕውቀት ሰው ጭንቅላት ውስጥ መሆኑ የሚታወቀው በመጨረሻ ነው። ዘግይቶ የገባ ተመልካች መፍቻውን በር ላይ ጥሎ ገባ ማለት ነው።

ዝናው ባሕር ተሻግሮ በ1939 ከነቤተ ሰቡ ወደ አሜሪካ ሄደ። በሆሊውድ የሠራው የመጀመሪያው ፊልም «ርቤካ» በ1940 ወጥቶ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የኦስካር ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ የተሰጠው ግን ለአምራቹ ለዴቪድ ሴልዝኒክ ነበር። ሂችኮክ በምርጥ አዘጋጅነት አምስት ጊዜ ታጭቶ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። የፍርሃት ፊልም እንደ ተራ መዝናኛ ይቆጠር ስለ ነበረ፣ ሊቃውንቱ ሥራውን እያዩ ይንቀጠቀጡና ከአዳራሹ ሲወጡ ይንቁት ነበር ለማለት ይቻላል። አመለካከቱን የለወጡት በይበልጥ ወጣት የፈረንሳይ ተቺዎች ናቸው። ከእነሱም አንዱ ፍራንሷ ትሩፎ በ1962 ለብዙ ቀናት አነጋግሮት ቃለ ምልልሱን በ1966 በመጽሐፍ አሳተመው።

በዚያ መጽሐፍ ሂችኮክ ያስረዳው አንድ ምሳሌ የሙያውን ሁሉ ቁልፍ ይዟል። ሁለት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተራ ነገር ሲያወሩ ከጠረጴዛው ሥር የተቀበረ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል። ነገር ግን ቦምቡ ሲቀበርና ሰዓቱ ሲሞላ አስቀድሞ ቢያይ፣ ያችው ተራ ወሬ ለብዙ ደቂቃዎች ታስጨንቀዋለች፤ ተነሡ እያለ ሊጮኽባቸው ይቃጣዋል። ስለዚህ ተመልካቹን አንጠልጥሎ የሚያቆየው አለማወቁ ሳይሆን ማወቁ ነው። የመክፈቻው ሥራም ይህን ዕውቀት አስቀድሞ ማደል ነው።

እንዴት እንዳደለው በ1950ዎቹ ዓመታት ፊልሞቹ ውስጥ እናያለን። በ1951 በወጣው «ባቡር ላይ የተገናኙ እንግዶች» መጀመሪያ የምናየው ፊት ሳይሆን ጫማ ነው። ከአንድ ታክሲ ባለ ሁለት ቀለም የሚያብለጨልጭ ጫማ ይወርዳል፤ ከሌላው ታክሲ ደግሞ ተራ ጨዋ ጫማ። አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሲራመዱ ቆይተው፣ የባቡሩ ሐዲዶች ሲገናኙና ሲቋረጡ አይተን፣ በመጨረሻ በባቡሩ ውስጥ አንዱ እግር ሌላውን ይነካዋል። ሁለት ሕይወቶች ተጠላለፉ። አንድም ቃል ሳይነገር የማንን ጫማ እንደምንጠራጠር ዐውቀናል።

በ1954 የወጣው «የጓሮው መስኮት» ከዚህም ያልፋል። መጋረጃዎቹ ወደ ላይ ሲጠቀለሉ አንድ የኒውዮርክ ግቢ ይታያል። ካሜራው በየመስኮቱ ይዞራል፤ ጢሙን የሚላጭ ሰው፣ ከቤት ውጭ በረንዳ ላይ የተኙ ባልና ሚስት፣ የምትወዛወዝ ወጣት ያሳየናል። ተመልሶም ወደ አንድ ክፍል ይገባና ላብ ያሰመጠው ፊት፣ የሙቀት መለኪያ፣ በጄሶ የታሰረ እግር፣ የተሰበረ ካሜራ፣ የእሽቅድምድም መኪና ሲገለበጥ የተነሣ ፎቶግራፍ በተራ ያሳየናል። ሰውዬው ፎቶግራፍ አንሺ መሆኑን፣ እግሩ እንዴት እንደ ተሰበረ፣ ከወንበሩ መነሣት እንዳልቻለ፣ ሙቀቱ መስኮት ሁሉ እንዳስከፈተ ባንድ ዙር ዐወቅን። ከዚህም ጋር የጎረቤትን መስኮት የማየት ልማድ ሳናስበው ጀመርን። ነፍሰ ገዳይ በዚያ ግቢ መኖሩን ስንጠራጠር ሰላዮቹ እኛም ነን።

በ1958 «ቨርቲጎ»፣ በ1959 «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት»፣ በ1960 «ሳይኮ» ሲወጡ፣ ሂችኮክ የሠራተኞች ስም የሚጻፍበትን ክፍል እንኳ ሥራ ፈት አድርጎ አልተወውም። የንድፍ ሰው ሶል ባስ መሥመሮቹንና ክቦቹን ነደፈ፤ በርናርድ ኸርማን ሙዚቃውን ደረሰ። በ«ቨርቲጎ» ከሴት ዐይን ውስጥ ጠመዝማዛ ክብ ይወጣል። ቀጥሎ በሳን ፍራንሲስኮ ጣሪያዎች ላይ ወንጀለኛ ሲባረር፣ አንድ መርማሪ ተንሸራትቶ በጣሪያው ጠርዝ ይንጠለጠላል፤ ሊረዳው የመጣው ፖሊስ ወድቆ ይሞታል። መርማሪው እንዴት እንደ ወረደ ፊልሙ ጨርሶ አያሳየንም። ስለዚህ ሰውዬው በልባችን እስከ መጨረሻው እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል።

«ሳይኮ» የተሠራው ስቱዲዮው ስላልወደደው በራሱ በሂችኮክ ገንዘብ፣ በ800,000 ዶላር ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ለቴሌቪዥን ፕሮግራሙ በሚሠሩት ሰዎች ነው። የኸርማን ሙዚቃ በአውታር መሣሪያዎች ብቻ ይጀምራል፤ መሥመሮች ይጋጫሉ፣ ስሞች ይሰነጠቃሉ። ከዚያ ፀሐያማ ከተማ ይታያል። የከተማው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ እስከ ደቂቃው ይጻፋል፤ እንደ ፖሊስ መዝገብ ማለት ነው። ካሜራው ከብዙ ሕንፃዎች አንዱን፣ ከብዙ መስኮቶች አንዱን መርጦ፣ በግማሽ በተዘጋው መጋረጃ ሥር ሾልኮ ይገባል። እዚያም በዕዳ ምክንያት ሊጋቡ ያልቻሉ ሁለት ፍቅረኞች በምሳ ሰዓት ተደብቀው ሲገናኙ እናገኛለን። ልጅቱ ወደ ሥራዋ ስትመለስ 40,000 ዶላር ወደ ባንክ እንድታደርስ ይሰጣታል፤ እሷ ግን ይዛው ትሸሻለች።

እንደ ልማዱ ከሄድን ፊልሙ የሌባ ማሳደድ ፊልም ነው። የቢሮ አለቃዋ በመንገድ ያያታል፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ ፖሊስ ይከተላታል፤ እኛም ምነው ባመለጠች እያልን እንጨነቃለን። ሌባ መሆኗን ረስተነዋል። ነገር ግን ገና ፊልሙ ሳይጋመስ፣ በታዋቂዋ ተዋናይት በጃኔት ሊ የምትመሰለው ይህች ዋና ሰው በእንግዳ ማረፊያው መታጠቢያ ክፍል ትገደላለች። የተያዝንበት ገመድ ተበጠሰ። ከዚያ የማረፊያው ባለቤት ደሙን አጥቦ መኪናዋን ወደ ረግረግ ሲገፋ፣ መኪናው ግማሽ ሰምጦ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ይላል። በዚያች ጊዜ በአዳራሹ ያለው ሕዝብ ምነው በሰመጠ ብሎ ይመኛል። የምንመኘው ግን የግድያ ማስረጃ እንዲጠፋ መሆኑን የምንነቃው ከተመኘን በኋላ ነው።

ለዚህ ፊልም ሂችኮክ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው እንዳይገባ አዘዘ። ያን ጊዜ በአሜሪካ ፊልም ያለማቋረጥ ይታይ ስለ ነበረ ሕዝቡ በፈለገው ሰዓት መግባት የለመደ ነበረ። የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ገበያ ይጎዳብናል ብለው ሠጉ፤ ነገር ግን ሰዉ በየመንገዱ ተሰልፎ ጠበቀ፤ ፊልሙም ካወጣው ገንዘብ ብዙ እጥፍ አስገባ። ትእዛዙ የማስታወቂያ ብልሃት መሆኑ አይካድም። ግን የሙያም እምነት ነበረበት፤ ከመጀመሪያው ያልታሰረ ሰው በኋላ ሊበጠስበት የሚችል ገመድ የለውምና።

ታሪክ ጸሐፊ ምስጋና ብቻ መጻፍ አይገባውም። ሂችኮክ ተመልካቹን እንደሚገዛ ሁሉ ተዋንያኑንም ለመግዛት ይፈልግ ነበር፤ ይህም መልካም ፍሬ ብቻ አላፈራም። በ1963 በወጣው «ወፎቹ» እና በ1964 በወጣው «ማርኒ» ዋና ተዋናይት የነበረችው ቲፒ ሄድረን፣ በ1963ቱ ፊልም ሥራ ላይ ለቀናት እውነተኛ ወፎች እንደ ተወረወሩባትና ሂችኮክም ሳትፈቅድለት እንደ ተዳፈራት በ2016 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ገልጻለች። እሱ በሕይወት ስላልነበረ መልስ አልሰጠበትም። ሰውን የመምራት ጥበብ ከጥበብነት አልፎ ወደ ሥልጣን ሲያደላ ምን እንደሚያስከትል ይህ የሚያስጠነቅቅ ይመስለናል።

በ1955 የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ የነበረው ሂችኮክ፣ በ1972 ለወጣው «ፍሬንዚ» ወደ ተወለደባት ለንደን ተመለሰ። የፊልሙ መክፈቻ ሽማግሌው በወጣትነቱ ሥራ ላይ ሲያሾፍ ያሳያል። ካሜራው ከሰማይ ሆኖ በቴምዝ ወንዝ ላይ በግርማ ይበራል፤ ሙዚቃው እንደ በዓል ነው። በወንዙ ዳር አንድ ባለሥልጣን ውሃው ከእድፍ እንደሚጸዳ ለተሰበሰበ ሕዝብ ንግግር ያደርጋል። በዚያው ጊዜ አንገቷ በከረባት የታነቀ የሴት ሬሳ ተንሳፎ ይመጣል። ከ45 ዓመት በፊት በ«ተከራዩ» የነበሩት ወንዝ፣ ሬሳና የተሰበሰበ ሕዝብ ሁሉ እዚህ አሉ፤ ጭጋጉ ብቻ ጠፍቷል፤ ሁሉም በጠራ ቀን ይታያል። በዚህም ፊልም ንጹሕ ሰው ይከሰሳል።

የመጨረሻው ፊልሙ በ1976 ወጣ። በ1980 መጀመሪያ ላይ ከእንግሊዝ ንግሥት የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት አፕሪል 29 ቀን በሎስ አንጀለስ በመኖሪያ ቤቱ በ80 ዓመቱ ዐረፈ። ሥጋው ተቃጥሎ ዐመዱ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ተበተነ። አልማም በ1982 ተከተለችው። ከ50 የሚበልጡ ፊልሞች ትቶ አልፏል።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፈው ምንድን ነው? ሂችኮክ በ1927 በጥቂት ደቂቃዎች ምልክት ብቻ ንጹሑን ሰው እንድንኰንን አደረገን። በ1960 ደግሞ በዚያው ዓይነት ጥቂት ደቂቃዎች ከሌባ ጎን አሰለፈን፤ ቀጥሎም ማስረጃ ለሚያጠፋ ሰው እንድንጨነቅ አደረገን። ሁለቱንም ጊዜ የገዛን በውሸት አይደለም፤ የሚያሳየንን በመምረጥና የመጀመሪያውን በማስቀደም ነው። ይህ ብልሃት ደግሞ በሲኒማ አዳራሽ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። ጋዜጣ ርእሱን ሲመርጥ፣ ተናጋሪ ንግግሩን ሲከፍት፣ ወሬ አመላላሽ ስለ አንድ ሰው የመጀመሪያውን ቃል ሲጥል፣ ማንን እንደምንወድና ማንን እንደምንጠረጥር የሚወሰነው ማስረጃው ከመምጣቱ በፊት ነው። በሲኒማ የሚጎዳ የለም፤ መብራቱ ሲበራ ስቀን እንወጣለን። ከሲኒማ ውጭ ግን በአንገት ልብሱ የተፈረደበት ሰው እውነተኛ ሰው ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከእንግዲህ ወደ ሲኒማ ቤት ስንሄድ ከሰዓቱ በፊት እንግባ። መብራቱ ሲጠፋም ፍርሃቱን እንደ ማንኛውም ሰው እንፍራ፤ ደስታው እሱ ነውና። ከዚሁ ጋር ግን በመጀመሪያው ደቂቃ የማን ፊት እንደ ታየንና የማን ፊት እንደ ተሸፈነብን፣ ምን እንድናውቅ እንደ ተደረገና ምን እንደ ተደበቀብን አንድ ዐይናችንን ከፍተን እንመልከት። በዚያ የለመደ ዐይን በጋዜጣውና በአደባባዩም ፊት ቶሎ አይጨፈንም።